ጭነቱ ወደ ፊት ያደላ መነጽር፦ የሦስት ወር የቪአር አጠቃቀም በባሕር ዳር

ይህን ግምገማ የምጽፈው ላለፉት ሦስት ወራት በሳምንት አራት ወይም አምስት ቀን በራሴ ላይ አስሬ ስሠራበት ስለቆየሁት የቪአር መነጽር፣ ማለትም ዓይንን ሸፍኖ በኮምፒውተር የተሠራ ቦታ ውስጥ የገቡ ያህል ስለሚያሳይ መሣሪያ ነው። ሥራዬ የመኖሪያ ቤት ንድፍ ማውጣት ሲሆን፣ ቢሮዬ ባሕር ዳር ውስጥ ከጣና ዳርቻ የጥቂት ደቂቃ የእግር መንገድ ርቆ ይገኛል። መነጽሩን የገዛሁት ደንበኞቼ መሠረት ከመቆፈሩ በፊት ገና ያልተሠራ ቤታቸው ውስጥ ገብተው እንዲዘዋወሩ፣ የሳሎኑን ስፋትና የመስኮቱን ከፍታም ከወረቀት ላይ ከመገመት ይልቅ በዓይናቸው አይተው እንዲወስኑ ብዬ ነው። በዚህ ረገድ መሣሪያው አላሳፈረኝም። በወረቀት ላይ ሦስት ጊዜ ያስረዳሁት ደረጃ በመነጽሩ ውስጥ በአንድ ደቂቃ ግልጽ ሲሆን አይቻለሁ። ነገር ግን ስለ ምስሉ ጥራት የጻፉ ብዙዎች ስለሆኑ፣ እኔ የማተኩረው ሻጮች በአንድ መስመር በሚያልፉት ጉዳይ ላይ ነው፤ ይኸውም መነጽሩ በአንገት፣ በፊት፣ በዓይንና በክንድ ላይ የሚያሳድረው ጫና ነው። የአምራቹን ስም የማልጠቅሰው፣ የማነሳው ችግር የአንድ ድርጅት ሳይሆን ዛሬ በገበያ ላይ ያሉት የዚህ ዓይነት መሣሪያዎች የጋራ ጠባይ በመሆኑ ነው።

መነጽሩ ግማሽ ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። ከካርቶኑ ሲወጣ የሚያያዘው በሚለጠጥ የጨርቅ ማሰሪያ ነው፤ አንዱ ዘርፍ ራስን ይዞራል፣ ሌላው በአናት በኩል ያልፋል። በመጀመሪያው ቀን አንድ ሰዓት ያህል ሠርቼበት ሳወልቀው ጉንጮቼ ላይ ፊት ላይ የሚያርፈው የስፖንጁ ቅርጽ በቀይ ታትሞ ነበር፤ ለዚያ ብዙም አልተጨነቅሁም። በሦስተኛው ቀን ግን ማጅራቴ እንደ ተወጠረ ገመድ ደረቀ፤ ማታ ትራስ ላይ ጋደም ስል ከጆሮዬ ጀርባ እስከ ትከሻዬ የሚወርድ ሕመም ተሰማኝ። ልማድ ሲሆን ይተወኛል ብዬ አንድ ሳምንት ታገሥሁ። አልተወኝም። ይባስ ብሎ መነጽሩ ወደ አፍንጫዬ እየተንሸራተተ ስለሚያስቸግረኝ ማሰሪያውን አጠብቅ ነበርና፣ ባጠበቅሁት ቁጥር ግንባሬና የጉንጬ አጥንት ይበልጥ እየተጨፈለቁ ከአንገት ሕመሙ ላይ የራስ ምታት ተጨመረልኝ።

ግማሽ ኪሎ ብዙ ነው ወይ? ለንጽጽር ያህል ከሌሎች የቪአር መነጽሮች መካከል «ሜታ ኩዌስት 2» 503 ግራም፣ «ሜታ ኩዌስት 3» 515 ግራም፣ የሶኒው «ፕሌይስቴሽን ቪአር 2» ደግሞ 560 ግራም ያህል ይመዝናሉ። በ2024 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው አፕል ቪዥን ፕሮ ከ600 እስከ 650 ግራም የሚደርስ ሲሆን፣ ያውም 353 ግራም የሚመዝነው ባትሪው ተለይቶ ኪስ ውስጥ የሚቀመጥ ነው። በሌላው ጫፍ ቢግስክሪን ቢዮንድ የተባለው 127 ግራም ብቻ ነው፤ ይህን ያህል ሊቀል የቻለው ግን የሚያስኬደው ኮምፒውተር ከውጭ ስለሆነና ባትሪ ስለማይሸከም ነው። የአዋቂ ሰው ራስ ከአራት ተኩል እስከ አምስት ኪሎ ይመዝናልና፣ በቁጥር ብቻ ካየነው ግማሽ ኪሎ የራሳችንን አንድ አሥረኛ ያህል ነው። ሸክም የለመደ ሰው በዚህ አይማረርም። ችግሩ ግን ቁጥሩ ላይ አይደለም፤ ችግሩ ያ ግማሽ ኪሎ የት ላይ እንደ ተሰቀለ ነው።

አንድ ኪሎ ስኳር ደረት ላይ አስጠግቶ ለመያዝና ክንድን ወደ ፊት ዘርግቶ ለመያዝ የሚጠይቀው ጉልበት ፈጽሞ አይገናኝም፤ ስኳሩ ያው ነው፣ የተለወጠው ርቀቱ ነው። ራሳችን በአንገት አጥንት ላይ የሚመዛዘነው በጆሯችን አካባቢ ባለ መጋጠሚያ ነው። መነጽሩ ደግሞ ከዚያ መጋጠሚያ ብዙ ርቆ፣ ከፊታችን አልፎ ተንጠልጥሏል። ራስ ወደ ፊት እንዳይደፋ የሚጎትቱት የማጅራት ጡንቻዎች ናቸው፤ እነርሱ የተያያዙት ለመጋጠሚያው በጣም ቀርበው ስለሆነ አጭር እጀታ ይዘው ረጅም እጀታን እንደሚታገል ሰው ይሆናሉ። የመነጽሩ ርቀት የጡንቻዎቹን ርቀት ሦስት እጥፍ ቢሆን፣ ግማሽ ኪሎውን ለመመከት አንድ ኪሎ ተኩል መጎተት ይኖርባቸዋል፤ ይህንንም ለአፍታ ሳያርፉ ነው። በዚህ ላይ ጎንበስ ብሎ መመልከት ሲጨመር የራሱ የጭንቅላቱ ክብደትም ከሚዛኑ ወጥቶ በእነዚሁ ጡንቻዎች ላይ ያርፋል። ሕመሜ ማጅራቴን የመረጠበት ምክንያት ይህ ነበር።

ይህን ያስተዋለልኝ ሐኪምም መሐንዲስም አይደለም። ከደንበኞቼ የአንዱ አባት፣ በዘጌ በኩል ያደጉና ጎልማሳ ሳሉ በደንገል ታንኳ ማገዶ እየጫኑ ወደ ባሕር ዳር ሲያመላልሱ የኖሩ አዛውንት፣ ልጃቸው የሚያሠራውን ቤት ሊያዩ ቢሮዬ መጥተው ነበር። መነጽሩን ካጠለቅሁላቸው ሦስት ደቂቃ አልሞላም፣ በእጃቸው ደግፈው አነሱትና እያገላበጡ ተመለከቱት። «ልጄ፣ ጭነቱን ሁሉ ፊቱ ላይ ነው እንዴ ያደረጉት? ታንኳን እንዲህ ከጫንከው አፍንጫውን ውኃ ውስጥ ይደፋል» አሉኝ። እኔም «አባባ፣ ታዲያ ምን ይደረግ?» ስላቸው፣ ነገሩ ግልጽ ነው በሚል አኳኋን «ከኋላው ጫንበታ!» ብለው መለሱልኝ። ታንኳ ላይ ሚዛን ያልጠበቀ ጭነት ምን እንደሚያስከትል በሕይወታቸው የሚያውቁ ሰው ስለሆኑ፣ እኔ በጽሑፍ ያነበብሁትን እርሳቸው በእጃቸው መዝነው ደረሱበት።

በማግስቱ አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄጄ ከወፍራም ጨርቅ ትንሽ ከረጢት አሰፋሁ። ሩብ ኪሎ ጤፍ አስመዝኜ ሞላሁበትና ከማሰሪያው የኋላ ክፍል ጋር አጥብቄ አያያዝሁት። አጠቃላይ ክብደቱ ወደ ሰባት መቶ ሃምሳ ግራም ከፍ አለ ማለት ነው፤ ሆኖም ራሴ ላይ ሲቀመጥ ቀድሞ ከነበረው የቀለለ መሰለኝ። ወደ አፍንጫዬ መንሸራተቱ ቀረ። ስለዚህም ማሰሪያውን ማጥበቅ አላስፈለገኝም፤ ጉንጬ ላይ ይታተም የነበረው ምልክትም ደበዘዘ። ከአንድ ሳምንት ሙከራ በኋላ ጤፉን ትቼ ከኋላው ባትሪ ያለው ጠንካራ ማሰሪያ አስመጣሁ፤ ይህ ሚዛኑን ከመጠበቁም በላይ ብቻውን ሁለት ሰዓት አካባቢ ብቻ ይቆይ የነበረውን የመነጽሩን ኃይል አራዝሞልኛል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ቀን ይህም ቀላል ጥቅም አይደለም። ለማንኛውም ገዢ የምመክረው ግን ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት በጤፍ ወይም በአሸዋ ከረጢት እንዲሞክር ነው፤ ለአንዱ ሁለት መቶ ግራም ሲበቃው ለሌላው ሦስት መቶ ያስፈልገዋልና።

አምራቾችም ይህን ያውቁታል። ማይክሮሶፍት ሆሎሌንስ የተባለውን ራስ ላይ የሚታሰር ማሳያ መጀመሪያ ሲያወጣ 579 ግራም ነበር፤ ሁለተኛው ደግሞ 566 ግራም ነው። ልዩነቱ አሥራ ሦስት ግራም ብቻ ሲሆን፣ ሁለተኛው ለአንገት የተሻለ የሆነው በዚህ ቅናሽ አይደለም፤ ባትሪውና ከፊሉ መሣሪያ ወደ ራስ ጀርባ በመዛወሩ ነው። የነገሩ ታሪክ ከዚህም ይርቃል። ኢቫን ሰዘርላንድ በ1968 እ.ኤ.አ. ራስ ላይ የሚታሰር የመጀመሪያውን የኮምፒውተር ማሳያ ሲሠራ፣ ዕቃው ከጣሪያ ከወረደ የብረት ክንድ ጋር የተያያዘ ነበር። ያኔ ጣሪያው ያግዝ የነበረውን ሥራ ዛሬ ማጅራታችን ብቻውን ይሠራል፤ ይህን እያወቁ በርካሽነቱ ሲሉ የሚለጠጥ ጨርቅ አስረው መሸጣቸው ትክክል ነው ብዬ አላምንም።

ይሁንና የኋላ ጭነት ለሁሉም ሥራ መድኃኒት አይደለም። ታናሽ ወንድሜ ቅዳሜ ቅዳሜ ቢሮ እየመጣ በመነጽሩ ይጫወታል፤ የሚወደው ጨዋታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ፈጥኖ መዞርን የሚጠይቅ ነው። እርሱ ከባትሪው ጋር ሲጫወት ራሱ በዞረ ቁጥር ዕቃው «ቀድሞኝ ይሄዳል» ይላል፤ እውነቱን ነው፤ የበለጠ ክብደት ከተንቀሳቀሰ በኋላ ለማቆምም የበለጠ ጉልበት ይጠይቃልና። አጠቃላዩ ሸክምም በአንገት አከርካሪ ላይ ቁልቁል የሚያርፍ ነው። ስለዚህ ተቀምጦ ወይም በዝግታ እየተራመደ ለሚመለከት ሰው የኋላ ሚዛን ጥሩ ሲሆን፣ ለሚዘልና ለሚሽከረከር ሰው ቀላሉ ክብደት ይሻላል፤ ጊዜውንም ማሳጠር ይገባዋል።

የማሰሪያው አቀማመጥ ከማሰሪያው ዓይነት ያላነሰ ዋጋ አለው። ብዙ ሰው መነጽሩን ፊቱ ላይ ጭኖ ዙሪያውን ያጠብቃል። ትክክለኛው መንገድ ግን ሁሉንም አላልቶ መጀመር፣ የኋላውን ክፍል ከራስ ቅል ጉብታ በታች፣ ማጅራት ከመጀመሩ በላይ ማሳረፍ፣ ቀጥሎም ክብደቱን የሚሸከመውን የአናት ማሰሪያ ማስተካከል ነው። የጎኑ ማሰሪያ መጨረሻ ላይ፣ መነጽሩ እንዳይወዛወዝ ያህል ብቻ ይጠብቃል። አንድ ጣት በስፖንጁና በጉንጭ መካከል ያለ ትግል ካልገባ በጣም ጠብቋል ማለት ነው።

እዚህ ላይ በውጭ አገር ግምገማዎች ውስጥ አንብቤ የማላውቀውን አንድ ነገር ማንሳት እፈልጋለሁ። ሹሩባ የተሠራች ሴት ይህን መነጽር ስታደርግ የአናቱ ማሰሪያ በጉንጉኖቹ መካከል ይገባል፤ ሲወልቅም ፀጉር ይጎትታል። እናቴ ለበዓል ሹሩባ ተሠርታ ሳለ ሞክራው «ይሄ ራስ የሚነጭ ነው» ብላ ወዲያው አወለቀችው፤ ደግማም አልነካችውም። ከዚያ ወዲህ ለሴት ደንበኞቼ ንጹሕ ስስ ሻሽ አዘጋጅቻለሁ፤ ሻሹ ከማሰሪያው ሥር ሲገባ መጎተቱ ይቀራል። ከኋላ በኩል ፀጉሯን ሰብስባ ያሰረች ሴት ደግሞ ጠንካራው ማሰሪያ በቋጠሮው ላይ ስለሚያርፍባት መነጽሩ ወደ ፊት ይገፋል። ለእንዲህ ዓይነቷ ተጠቃሚ ለስላሳው የጨርቅ ማሰሪያ የተሻለ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱንም ጠብቄ አኖራለሁ።

ወደ ዓይን ልምጣ። ሁለቱ ሌንሶች ከሁለቱ የዓይን ብሌኖች ፊት ለፊት ካልዋሉ ምስሉ ይደበዝዛል፤ ዓይንም ለማስተካከል ሲታገል ይደክማል። የአዋቂ ሰው የብሌን ርቀት በአማካይ 63 ሚሊሜትር ያህል ሲሆን ከሰው ሰው ግን ብዙ ይለያያል። አንዳንድ መነጽሮች ሦስት የተወሰኑ ደረጃዎች ብቻ አሏቸው፤ «ኩዌስት 2» በ58፣ በ63 እና በ68 ሚሊሜትር ላይ ብቻ ይቆማል። ኩዌስት 3 ግን በትንሽ መንኮራኩር ከ58 እስከ 71 ሚሊሜትር ባሻው ቦታ ይስተካከላል። ለብዙ ሰው በጋራ የሚያገለግል መነጽር የሚገዛ ሰው ሁለተኛውን ዓይነት ቢመርጥ ይበጀዋል። የራስን ልክ ለማወቅም መነጽር ቤት ሄዶ ማስለካት በቂ ነው፤ እኔ አስለክቼ 66 ሆኜ ተገኘሁ፣ ከዚያ በፊት ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ በ63 ስሠራ ቆይቻለሁ። ምሽት ላይ ይሰማኝ የነበረው የዓይን መቆርቆር ግማሹ የቀረው ያን ባስተካከልሁ ዕለት ነው።

ግማሹ ቀረ ያልሁት ሌላው ግማሽ በማስተካከል የሚጠፋ ስላልሆነ ነው። በተፈጥሮ ቅርብ ያለ ነገር ስንመለከት ዓይኖቻችን ወደ ውስጥ ይዞራሉ፤ በዓይን ውስጥ ያለው ሌንስም በዚያው ልክ ይስተካከላል፤ ሁለቱ ተግባራት ተጣምረው የሚሄዱ ናቸው። በመነጽሩ ውስጥ ግን ብርሃኑ ሁልጊዜ የሚመጣው በአብዛኛው ከአንድ እስከ ሁለት ሜትር ከሚደርስ አንድ ቋሚ ርቀት እንደ ሆነ ተደርጎ ነው። የበር እጀታ አፍንጫዬ ሥር ሲቀርብ ዓይኖቼ ወደ ውስጥ ይዞራሉ፣ የዓይኔ ሌንስ ግን ከሩቁ ርቀት ላይ መቆየት አለበት። ጥምረቱ ሲፈርስ ዓይን ይዝላል፣ ግንባር ይከብዳል። ይህን የሚፈታ ማሰሪያም መንኮራኩርም የለም፤ እኔ የማደርገው ነገሮችን ከግማሽ ሜትር በታች ወደ ዓይን አለማስጠጋትና ጽሑፍን አተልቄ ራቅ ማድረግ ነው። የማንበቢያ መነጽር ለሚያደርጉ ሰዎችም ከስፖንጁ ሥር የሚገባውን ማራቂያ ሳያስገቡ መሞከር አይገባም፤ የመነጽራቸው ብርጭቆ የመሣሪያውን ሌንስ ይፍቃል፤ የክፈፉ ጠርዝም በጆሮና በቅንድብ አጥንት መካከል ይጫናል።

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ሜትር ገደማ ብትሆንም ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ሙቀቷ የሚታወቅ ነው። መነጽሩ ራሱ እንደ ማንኛውም ኮምፒውተር ይሞቃል፤ ፊት ላይ ተለጥፎ ሲቆይ ላብ በስፖንጁ ይመጠጣል። የተመጠጠው ላብ ቆዳን ያሳክካል፤ ለሚቀጥለው ደንበኛም ማቅረብ ነውር ነው። የፊት ስፖንጅ ቀላል ነገር አለመሆኑን በ2021 እ.ኤ.አ. የሆነው ያሳያል፤ ከተጠቃሚዎች የቆዳ መቆጣት አቤቱታ በመቅረቡ የኩዌስት 2 የፊት ስፖንጅ፣ በቁጥር አራት ሚሊዮን ገደማ፣ በአሜሪካ እንዲታረም ተደርጎ ለባለቤቶቹ የሲሊኮን ሽፋን ተሰጥቷል። እኔም የሲሊኮን ሽፋን እጠቀማለሁ። ላብን አይመጥም፣ ስለዚህ ይንጠባጠባል፤ ነገር ግን በእርጥብ ጨርቅ ወዲያው ይጸዳል። ከደንበኛ ወደ ደንበኛ በተላለፈ ቁጥር ማጽዳቱን ግዴታ አድርጌዋለሁ። ከዚሁ ጋር አንድ ማስጠንቀቂያ፦ መነጽሩን ሌንሶቹ ወደ ላይ ሆነው ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር አታስቀምጡ፤ ሌንሱ የፀሐይን ጨረር ሰብስቦ ማሳያውን በቅጽበት ያቃጥለዋል።

የሰውነት አቋቋም በገዢው እጅ ያለ ጉዳይ ነው። በመጀመሪያ የቤቱን ትንሽ ሞዴል ወለል ላይ አስቀምጬ አጎንብሼ እመለከት ነበር፤ ከላይ የገለጽሁት የአንገት ጫና የሚበረታው ልክ በዚያን ጊዜ ነው። አሁን ሞዴሉን ወደ ደረቴ ከፍታ አንሥቼ፣ ከዓይኔ ትንሽ ዝቅ ብሎ እንዲታይ አድርጌ፣ አንገቴን ከማዞር ይልቅ የሚሽከረከር ወንበር ላይ ተቀምጬ መላ ሰውነቴን አዞራለሁ። ክንድም እንዲሁ ነው፤ ከፊት ተዘርግቶ አየር ላይ የሚሠራ እጅ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይዝላል። ክርንን ከጎን አስጠግቶ፣ በእጅ ከሚያዘው መቆጣጠሪያ ወጥቶ በመነጽሩ ውስጥ በሚታየው ጨረር ከሩቅ መጠቆም ይሻላል። ማጥወልወልን በተመለከተ፣ ቆሞ ያለ ሰው በመቆጣጠሪያው እየተንሸራተተ ሲሄድ ዓይኑ «እየሄድህ ነው» ሲለው የውስጥ ጆሮው «ቆመሃል» ስለሚለው ያጥወለውለዋል፤ ስለዚህ ደንበኞቼን ከክፍል ወደ ክፍል የማሻግራቸው መንሸራተቱን ትቼ ምስሉ በአንድ ጊዜ ወደ ቀጣዩ ክፍል እንዲዘል በማድረግ ነው።

መግዛት ይገባል ወይ ለሚለኝ፣ ሥራው ከሃያ እስከ ሃያ አምስት ደቂቃ እየተከፋፈለ ሊሠራ የሚችል ከሆነ አዎን እላለሁ፤ ነገር ግን የኋላ ሚዛን ያለውን ማሰሪያ ከዋጋው ውስጥ አስገብቶ ማስላት ይኖርበታል። ያለ እርሱ ዕቃው ገና ያላለቀ ነው። ቀኑን ሙሉ በኮምፒውተር ማሳያ ምትክ ልጠቀምበት ለሚል ግን አልመክርም፤ እኔ ሞክሬው ሦስተኛው ሰዓት ላይ በዓይኔ ምክንያት ተውሁት። አንገቱን ወይም አከርካሪውን ታሞ የሚያውቅ ሰውም ሐኪሙን ሳያማክር አይግዛ።

እኒያ አዛውንት ባለፈው ወር ከልጃቸው ጋር ተመልሰው መጡ። በወንበሩ ላይ አስቀምጬ፣ የኋላውን ባትሪ አሳይቻቸው፣ ማሰሪያውን በቅደም ተከተሉ አስተካክዬ አጠለቅሁላቸው። ያለፈው ጊዜ ሦስት ደቂቃ ያልሞላው በዚህኛው አሥራ ሁለት ደቂቃ ሆነ፤ አንድም ጊዜ በእጃቸው አልደገፉትም። ሲያወልቁትም ስለ ክብደቱ ምንም ሳይናገሩ፣ ወደ ሐይቁ በሚያየው በረንዳ ላይ ያለው ምሰሶ እይታቸውን ስለሚከልላቸው ወደ ጎን እንዲዛወር ጠየቁኝ።